የማስተማሪያ ዘዴዎች ክበብ፦ ከቆርኪ እስከ እንጦጦ

የእኛ ክበብ እንደ ድራማ ክበብ መድረክ ላይ አይታይም፤ እንደ ስፖርት ክበብም ዋንጫ ይዞ አይመጣም። አባላቱ መምህራን ናቸው፤ በተግባር ሥራ ላይ ደግሞ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ ፈቃደኛ ተማሪዎች ያግዙናል። ሥራችን አንድ መምህር በክፍሉ ሞክሮ የተሳካለትን ዘዴ ለሌሎች ማካፈል ነው። ዓመቱን ሙሉ «ይህ ደግሞ የምን ክበብ ነው?» ያሉን ስላልጠፉ፣ ዘገባው ለእነርሱም ጭምር ይድረስልኝ።

የሐሙስ ስብሰባዎቻችን በቃለ ጉባኤ ስለሰፈሩ እዚህ አልደግማቸውም። በብዙ ክፍሎች የተለመዱትን ዘዴዎች ብቻ ላንሣ። የሒሳብ መምህራን ቆርኪ ሰብስበው አመጡ፤ የቆርኪው ጀርባ ፖዘቲቭ አንድ፣ ውስጡ ኔጌቲቭ አንድ ይሆንና ሁለቱ ሲገናኙ ይጣፋሉ። 3 ፖዘቲቭና 5 ኔጌቲቭ ዴስኩ ላይ የደረደረ ልጅ መልሱ ኔጌቲቭ 2 መሆኑን በዓይኑ ያየዋል። የአማርኛ መምህራን የተማሪዎችን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ከጣሳ ውስጥ በዕጣ ማውጣት ጀመሩ፤ ከዚያ ወዲህ መልስ የሚመጣው ከፊት ረድፍ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛ መምህራን ያመጡት ደግሞ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም፤ ጠይቆ ዝም ማለት ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተሙት ጥናት፣ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ትዕግሥታቸው ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያድግ ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ዝም የሚሉትም እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። በአንድ ዴስክ ሦስትና አራት ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ሦስት ሰከንድ ረጅም ነው። የሞከሩት መምህራን ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሱም።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን የእንጦጦ ጉዞ ነበር። መነሻው የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነው። መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላል፤ የእኛ ቴርሞሜትር 92 አካባቢ ደርሶ ቀጥ አለ። ተማሪዎቹ «ተበላሽቷል» ብለው ደመደሙ። ቴርሞሜትሩ ደኅና ነው። 100 ዲግሪ በባሕር ጠለል የሚለካው ነው፤ ከተማችን በ2,300 ሜትር ከፍታ ግድም ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ውኃውም ቀድሞ ይፈላል። መምህሩ ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ማለፍ ይችሉ ነበር። በሐሙስ ስብሰባ ሲያነሡት ግን «ወጥተን ለምን አንለካውም?» የሚል ሐሳብ መጣ። በ2,100 ሜትር ግድም ላይ ባለችው አቃቂ የሚያስተምሩ ባልደረቦቻችንም በዚያው ሰዓት ውኃ ሊያፈሉልን ተስማሙ።

ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ገላጣ ስፍራ ላይ ነፋሱ ቡታጋዙን ቢያስቸግረንም ልጆቹ በካርቶን ከለሉት። ቴርሞሜትሩን የያዘችው በክፍል ውስጥ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ ነበረች። ውኃው ፈላ፤ መስመሩ 90 ሳይሞላ ቆመ። ልጅቷ በቀስታ «እሳቱን ብንጨምረውስ?» አለች። መልሱን የምናውቅ መምህራን ሁላችንም ዝም አልን፤ ጎንበስ ብላ እሳቱን ራሷ ጨመረችው። ውኃው ተንፈቀፈቀ፤ እንፋሎቱ ፊቷን ሸፈነው፤ መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ደጋግማ አየችው። «እሳቱ የሚጨምረው እንፋሎቱን እንጂ ሙቀቱን አይደለም» አለችና ቀጥላ፣ «አያቴ እዚሁ እንጦጦ ነው የምትኖረው። የባቄላ ንፍሮ ስትቀቅል ከእኛ ቤት ይልቅ ይቆይባታል። እንጨቱ እርጥብ ስለሆነ ይመስለን ነበር።» ወዲያው ስልክ ተደወለ፤ አቃቂ 93 ነው። ልጆቹ እንደ ጎል ጮኹ። ያቺ ልጅ በማግስቱ በጠዋቱ ሰልፍ ላይ ወጥታ ለመላው ትምህርት ቤት ስታስረዳ የክፍል ኃላፊዋ ዕንባ አቅርረው ነበር። እኔም እንደዚያው።

ችግር አልነበረም አልልም። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ፈተና ሲደራረብ የሐሙስ ተሰብሳቢ ሳስቷል፤ የፕሮጀክተሩ አምፖል ከተቃጠለ ወዲህም አልተተካም። «ጨዋታ ስታበዙ ምዕራፍ አይጨረስም» ለሚሉን የምመልሰው አለኝ፤ የተነገረ ሁሉ የገባ አይደለም፣ የእንጦጦውን ትምህርት ግን እንደገና ማስተማር አላስፈለገንም። ከእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ይጠበቃል፤ ይህን ሰዓት ቅጽ በመሙላት ከማሳለፍ እርስ በርስ በመማማር ማሳለፍ ይሻላል ብለን እናምናለን።

የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ ያለው ክፍል የተሰባበሩ ዴስኮች ማከማቻ ሆኖ ተቆልፏል። ሥራዎቻችን በመምህራን ማረፊያ ጠረጴዛ ሥር በካርቶን ታጭቀው አይጥ እየበላቸው ነው። ዴስኮቹ እንዲነሡና ቁልፉ እንዲሰጠን የትምህርት ቤቱን አስተዳደርና የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረትን (ወመተህን) እንጠይቃለን። ትምህርት ቤቱ ያለው የሚሠራ ቴርሞሜትር አንድ ብቻ ስለሆነ ለሁሉም የሳይንስ ክፍሎች የሚበቃ ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ሙከራ በ1,700 ሜትር ግድም ላይ ባለችው አዳማ ለመድገም አቅደናል፤ አውቶቡስ ወይም የነዳጅ ወጪ መሸፈን የምትችሉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎቻችን ከመስከረም በፊት በርእሰ መምህሩ ቢሮ በኩል አሳውቁን። ቆርኪ ያላችሁ ደግሞ ልጆቻችሁን አስይዛችሁ ላኩልን፤ ሁልጊዜም ይጎድለናል።