ደሟ ኔጌቲቭ ነው ተብሎ ሰርግ አይፈርስም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይሄን የምጽፍላችሁ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰርግ ሊቀር ትንሽ ስለቀረው ነው። ልጅቷ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ ከሰርጉ በፊት ሁለቱም ሲመረመሩ የሷ ደም ኦ ኔጌቲቭ የልጁ ደግሞ ፖዘቲቭ ሆነ፣ ከዛ የልጁ እናት ይህቺ ልጅ ሾተላይ አለባት ልጄ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው ብለው ነገሩ ይቅር አሉ። እኔ ራሴ ኦ ኔጌቲቭ ነኝ፣ ባለቤቴ ፖዘቲቭ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉን ትልቁ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነው። ሀኪም አይደለሁም፣ ግን በራሴ እርግዝና ያለፍኩበት ነገር ስለሆነ ሀኪሞቼንም አዋላጆቹንም ጠይቄ ጠይቄ የገባኝን ልንገራችሁ።

ሾተላይ ሚለው ቃል ራሱ ያስፈራል። ድሮ አንዲት ሴት ልጅ እየወለደች ሲሞትባት ወይ ሆዷ ውስጥ ሲጠፋባት ሾተላይ መታት ይባል ነበር፣ ተርፎ ላደገላት ልጅ ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ እየተባለ ስም ይወጣለታል። የሀኪም ቤት ሰዎች ደግሞ ዛሬ ሾተላይ ሲሉ የእናትና የፅንስ ደም በአር ኤች፣ ማለት ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ በሚባለው፣ አለመግጠም ማለታቸው ነው። ልጅ የሞተባት ሁሉ ግን ይሄ አለባት ማለት አይደለም፣ ቂጥኝም የእርግዝና ደም ግፊትም ስኳርም ፅንስ ይገድላሉ፣ ስለዚ ዝም ብሎ ስም ከመለጠፍ መመርመር ነው።

አሁን ደሙ። ኤ፣ ቢ፣ ኦ ሚባሉትን የደም አይነቶች ካርል ላንድስታይነር የሚባል ሀኪም ነው ያገኛቸው፣ በፈረንጆች 1901 ነው የጻፈው፣ ኤቢን ባልደረቦቹ በ1902 አገኙት፣ አር ኤች ደግሞ በ1940 መጣ። ቀይ የደም ሴላችን ላይ ዲ የሚባል ፕሮቲን ካለ ፖዘቲቭ ነን፣ ከሌለ ኔጌቲቭ፣ በቃ ይሄው ነው። ኔጌቲቭ መሆን በሽታ አይደለም፣ ደም ማነስም አይደለም፣ ከእናትና ከአባት እንደ ዓይን ቀለም ሚወረስ ነገር ነው።

ችግሩ የሚመጣው እናት ኔጌቲቭ ሆና የፀነሰችው ልጅ ከአባቱ ፖዘቲቭ ሲወርስ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሁለቱ ደም እምብዛም አይቀላቀልም፣ በእንግዴ ልጁ በኩል ምግብና አየር ይተላለፋል፣ ሲወለድ ግን ትንሽ የልጁ ደም ወደ እናት ይፈሳል። እንግዲህ የእናት ሰውነት እንደ ግቢ ውሻ ነው፣ ይሄን እንግዳ ሴል መጀመሪያ ሲያይ ያሸታል ያጠናል ቀስ ብሎ ነው ሚነሳው፣ እስከዛ የመጀመሪያው ልጅ በሰላም ተወልዷል። ከዛ በኋላ ግን አይረሳም። በሚቀጥለው እርግዝና አጥር ስር ቆሞ ነው ሚጠብቀው፣ አንቲቦዲ የሚባሉ እንግዳን ሚያጠቁ ትንንሽ ነገሮች ይሰራል እነሱ እንግዴ ልጁን አልፈው የልጁን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ልጁ ደም ያንሰዋል ያብጣል፣ ቢወለድም ቢጫ ይሆናል፣ ቢጫው ሲበዛ ጭንቅላቱን ይጎዳል። የመጀመሪያው ልጅ ደህና ሆኖ ተከታዮቹ ለምን እንደሚሞቱ ያኔ ነው የገባኝ።

እዚጋ አክስቴን አስባለሁ። የመጀመሪያ ልጇ ደህና አደገ፣ ከሱ በኋላ አራት ቀበረች። ፀበል ተወሰደች፣ ክታብ ታሰረላት፣ በመጨረሻ ባሏ ፈታትና ሌላ አገባ፣ አዲሷ ሚስት አምስት ወለደችለት፣ ያኔ አገሩ ሁሉ በቃ ጥፋቱ የሷ ነው አለ። አምና የሀሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ልትደረግ ደሟ ሲታይ ኤ ኔጌቲቭ። ስድሳ ዓመት አልፏት ነው ያወቀችው፣ ሰውየው ፖዘቲቭ ሁለተኛዋም ሚስቱ ፖዘቲቭ ከሆነች ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ማንም ማንንም አልበደለም ነበር።

መድኃኒቱ አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው። ስራው ውሻው ሳይነቃ እንግዳውን ማስወጣት ነው፣ የልጁ ሴሎች በእናት ደም ውስጥ ሳይታወቁ ይጠረጋሉ። ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ እናትየዋ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ትወጋለች፣ ሰዓቱን ያዙልኝ፣ ሌላው ደግሞ በ28 ሳምንት አካባቢ እርግዝናው ላይ እያለ ይሰጣል። ካልተወጉ እንዲህ ካሉ 100 እናቶች ወደ 16ቱ አንቲቦዲ ይሰራሉ፣ ከወሊድ በኋላ ብቻ ከተወጉ ወደ 1 ወይ 2 ይወርዳል፣ በእርግዝናም ከተጨመረ ከዛም ያንሳል። መርፌው የሚሰራው ከሰው ደም ነው፣ አውስትራሊያ ውስጥ ጄምስ ሃሪሰን የሚባል ሰውዬ 1,173 ጊዜ ለግሶ በሱ ደም ወደ 2.4 ሚሊዮን ህፃናት ተርፈዋል ይባላል፣ በ2025 ነው ያረፈው፣ ነፍሱን ይማር።

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር። ፅንስ ከተጨናገፈ፣ ውርጃ ከነበረ፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ከሆነ፣ ነፍሰ ጡሯ ሆዷን ከተመታች ወይ ከወደቀች እዛም ላይ ደም ሊቀላቀል ይችላል፣ ወዲያው ለሀኪም ኔጌቲቭ ነኝ ማለት ያስፈልጋል፣ መርፌ ያስፈልጋት እንደሆነ እሱ ይወስናል። ደብቀው ያስወረዱ ልጆች ይሄን ሳያውቁ ነው ከአምስት ዓመት በኋላ የሚያለቅሱት። ደግሞ አንዴ አንቲቦዲው ከተሰራ መርፌው ወደኋላ አይመልሰውም፣ ያኔ ሚያዋጣው ጥብቅ ክትትል ነው፣ ኩምስ የሚባለው የደም ምርመራ አንቲቦዲው መኖር አለመኖሩን ያሳያል። እናት ፖዘቲቭ ከሆነች ደግሞ ባሏ ምንም ይሁን ምን ይሄ ነገር አያሰጋትም፣ ሁለቱም ኔጌቲቭ ከሆኑም አያሰጋም፣ አባት ፖዘቲቭ ሆኖም ግማሹ ልጅ ኔጌቲቭ ሊሆንለት ይችላል።

እኔን ያስቸገረኝ መርፌውን ማግኘት ነው። ሁለተኛውን ልጅ ስወልድ ባለቤቴ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞር አደረ፣ ዋጋውም ቀላል አልነበረም፣ ደግሞ ቅዝቃዜ ይፈልጋል ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው ሚቀመጠው፣ በበረዶ ይዞት መጣ፣ 50ኛው ሰዓት ላይ ተወጋሁ። ስለዚ ኔጌቲቭ የሆናችሁ እህቶች ሰባተኛው ወር ላይ መርፌው የት እንዳለ ጠይቁ፣ ምጥ እስኪመጣ አትጠብቁ። እናንተም አዘጋጆች በጤና ገፃችሁ የትኛው ጤና ተቋም እንደሚያስቀምጠው ጠይቃችሁ ብትጽፉልን ብዙ ሰው ታተርፋላችሁ፣ እኛ ብንጠይቅ ማን ይመልስልናል።

የሙሽራው እናት ቤቴ መጥተው ነበር፣ ቡና አፍልቼ ልጆቼን ጠርቼ አሳየኋቸው፣ ካርዴንም አወጣሁ። ልጆቹን አይተው ዝም አሉ፣ ሲወጡ ከ72 ሰዓት በፊት ነው ያልሽኝ አይደል ብለው ደግመው ጠየቁኝ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ከባህር ዳር