ከክብደቱ በፊት ጎማውን እዩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ግራቭል ብስክሌት (አስፋልትም ኮረኮንችም ላይ የሚነዳ ብስክሌት) ምርጫ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ክብደት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ጎማ ስፋት ግን ምንም።

እኔም የመጀመሪያዬን የገዛሁት ቅለቱን አይቼ ነው። ከ35 ሚሊሜትር በላይ ጎማ አያስገባም ነበር። አስፋልት ላይ ይበራል። ኮረኮንች ላይ ግን እጄ እስኪደነዝዝ አንቀጠቀጠኝ። አንድ ቀን ዝናብ ጣለና ጭቃው ጎማውና ቴላዮው መሃል ተጠቀጠቀ። አልዞር አለ። በእንጨት ፈንቅዬ ፈንቅዬ ሲያቅተኝ ተሸክሜው ተመለስኩ።

የአሁኑ 45 ሚሊሜትር ይቀበላል። ጎማው ካላማዳሪ የለውም፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ትንንሽ ቀዳዳ ራሱ ይደፍናል። ስለዚህ ይተነፍስብኛል ብዬ ሳልሰጋ ነፋሱን ቀነስ አድርጌ እነዳለሁ፤ ጎማው ጠጠሩን ዋጥ ያደርገዋል።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው እትም የጎማውን ነገር ጻፉልን። ብዙ ሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው የሚያውቀው።

አንባቢያችሁ