የሳይንስ ክበባችን ዘንድሮ፦ የጦስኝ ዘይት ትል ይገድላል?

ጥያቄው የመጣው ከተማሪዎቹ ነው። የትል መድኃኒት በታደለ ሰሞን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ አያቴ ኮሶና እንቆቆ ነበር የምትጠጣው። ይሄ ኪኒን ከዚያ በምን ይሻላል?» አለች። ክበቡም የዓመቱን ሥራ እዚያው አገኘ።

ኮሶን መሞከር ግን አልፈለግንም። የኮሶ ትልን እንደሚያስወጣ አገር ያውቃል። መጠኑ ሲበዛ ዓይን እስከ ማጥፋት እንደሚደርስም የታወቀ ነው። ስለዚህ ወደ መዓዛማ ዘይቶች ዞርን። ጦስኝን የመረጥነው በምክንያት ነው። ዘይቱ ውስጥ ያለው ቲሞል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ለመንጠቆ ትል ይሰጥ ነበር። ለማነጻጸሪያ ባሕር ዛፍ ጨመርን።

ጦስኙን ደርቆ ከገበያ ገዛን። የባሕር ዛፉን ቅጠል ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ካለው ከደንገጎ በላይ የሚኖሩ የተማሪዎቻችን ዘመዶች ላኩልን። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩ አይጠፋውም። እንፋሎቱ ቅጠሉን አልፎ በቱቦ ይሄዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ማቀዝቀዙ ነው። በሚያዝያ የቧንቧው ውሃ ራሱ ሞቆ ነው የሚወጣው! ልጆቹ ከሰፈራቸው ጁስ ቤት በረዶ እየለመኑ በፌስታል ያመጡ ነበር። ከአንድ ድስት ሙሉ ጦስኝ የሚገኘው ዘይት የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ሽታው ግን ኮሪደሩን በሙሉ ያውደዋል።

የሞከርነው በመሬት ትል ላይ ነው። ወስፋት ትምህርት ቤት ውስጥ አይያዝም፤ የመሬት ትል ደግሞ ለትል መድኃኒት የመጀመሪያ ሙከራ የተለመደ ነው። ዘይትና ውሃ ስለማይዋሃዱ ጥቂት የዕቃ ሳሙና ጠብ አደረግንበት። የጦስኝ ዘይት ባለበት ሳህን ውስጥ ያሉት ትሎች ተጥመለመሉና ቀጥ አሉ። «ቲቸር፣ ገደለው!» ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። መዝገብ የምትይዘው ልጅ ግን አልጮኸችም። ዓይኗ ሳሙናና ውሃ ብቻ ባለበት ሳህን ላይ ነበር። እዚያም ያሉት ትሎች ዝለዋል። ንጹህ ውሃ ውስጥ ያሉት ደህና ናቸው። «ታዲያ የገደለው ዘይቱ ነው ሳሙናው?» አለች። ዘንድሮ ከሰማሁት ጥያቄ ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም።

የመሬት ትል የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው። ቆዳውን የሚሸፍን ወይም የሚለበልብ ነገር ሁሉ ይጎዳዋል። ወስፋት ግን ጠንካራ ሽፋን አለው። ሳሙናውን በጣም ቀንሰን ደገምነው። ሙቀቱም እንዳያሳስተን ጠዋት ጠዋት ብቻ ሠራን። አሁንም የጦስኙ ዘይት ከባሕር ዛፉም ከሳሙና ውሃውም ቀድሞ ትሎቹን አደነዘዘ። ይሄን በልበ ሙሉነት እንጽፋለን። «ጦስኝ የሆድ ትል ያድናል» ግን አንልም። የተዋጠ ዘይት አብዛኛው ትሉ ጋ ሳይደርስ ወደ ደም ይገባል። ትሉን የሚገድለው መጠን ሰውንም ሊመርዝ ይችላል። ለተማሪዋ ጥያቄም መልሱ እዚህ ላይ ነው፦ አልቤንዳዞል የሚባለው የትል ኪኒን 400 ሚሊግራም ነው፣ የተለካ ነው። በአንድ እፍኝ ኮሶ ውስጥ ስንት እንዳለ ማን ለካው?

ወላጆች፣ አደራ፣ ዘይቱን ለልጅ እንዳታጠጡ። የጦስኝ ሻይ ሌላ፣ ዘይቱ ሌላ።

ከዕፅ መድኃኒት አይገኝም ማለቴ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ ላይ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። እንዶድ ቢልሃርዚያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያወቅነው ከዚያ ወዲህ ነው። እሳቸውም በዓይናቸው ያዩትን ላብራቶሪ ወስደው ዓመታት ለፉበት። ልጆቻችን ይህን ታሪክ በሰልፍ ላይ ሲያቀርቡ ግቢው ጸጥ ብሎ ነው ያዳመጣቸው።

በመጪው ዓመት የፍየል ትል እንቁላል በማይክሮስኮፕ ማየት እንፈልጋለን። የበግና የፍየል ትሎች በብዙ አገር መድኃኒቱን እየተላመዱት ስለሆነ ሥራው ለአርብቶ አደሩም ይጠቅማል። ለዚህ ፈቃድና የሚያግዘን የእንስሳት ሐኪም ያስፈልገናል። ከወላጆች መካከል በሙያው ያላችሁ ብቅ በሉ። የክበቡ ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ 9ኛ ክፍል የምትገቡም መምጣት ትችላላችሁ።