እንግዳ የጠራ ሊጥ ያቡካ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። በካናዳዋ አልበርታ ፕሮቪንስ (ክፍለ ሀገር)፣ ካልጋሪ ከተማ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት አለፈኝ። ሰሞኑን ከቅዳሴ በኋላም፣ ቡና ላይም፣ ዕቁብ ስንሰበሰብም ወሬው አንድ ሆኗል። ቤት ስንት ገባ? ኪራይ ስንት ደረሰ? ቶሮንቶ ያሉ ዘመዶቼም ሲደውሉ ደህንነቴን ጠይቀው ሳይጨርሱ የቤት ዋጋ ይጠይቁኛል። ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ደውላ፣ «እዚያ እኮ በሁለት ሰው ደመወዝ ቤት ይገዛል አሉ፤ ጠቅልለን እንምጣ እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ነይ ልላት አልደፈርኩም፤ አትምጪ ማለትም ከበደኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሳወጣ ሳወርድ ያደርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

በ2022 የአልበርታ መንግሥት «አልበርታ ትጣራለች» የሚል ዘመቻ ጀምሮ ቶሮንቶና ቫንኩቨር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሥራ አለ፣ ቤት ርካሽ ነው፣ ኑ አለ። ሰውም መጣ። ከአገር ውስጥም፣ ከውጭ አገርም መጣ። ከ2022 አጋማሽ እስከ 2023 አጋማሽ ባለው አንድ ዓመት ብቻ የካልጋሪና የዙሪያዋ ሕዝብ ወደ 6 በመቶ አደገ። በ2020 መጀመሪያ በከተማዋ የአንድ መደበኛ ቤት መለኪያ ዋጋ 420 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በ2024 አጋማሽ ከ600 ሺህ አለፈ። ግቢ ያለው፣ ለብቻው የቆመ ቤት ደግሞ ከ750 ሺህ በላይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ገበያው ቀዝቀዝ ብሏል፤ ወደ ድሮው ግን አልተመለሰም። ሥራ አጥነቱም ከ7 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ዲግሪ ይዘው መጥተው መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚያነሱ ልጆች ስንቶቻችን ቤት አሉ?

ሰው መምጣቱን አልቃወምም። እኔም መጤ ነኝ። ግን እናቶቻችን ድግስ ሲያስቡ ጠሪ ከመላካቸው በፊት ሊጥ ያቦካሉ። ስንት ሰው እንደሚመጣ አስልተው ነው ጠላውን የሚጠነስሱት። አልበርታ ጠሪውን ላከችና ሊጡን ለማዘጋጃ ቤቱ ተወችለት። የማዘጋጃ ቤቱ ጓዳ ደግሞ ጠባብ ነው።

ይህን በደንብ የገባኝ ጁን 5 ቀን 2024 ነው። ሰሜን ምዕራብ በኩል፣ 16ኛው ጎዳና ሥር የተቀበረው ዋናው የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። ቧንቧው ሁለት ሜትር ገደማ ስፋት አለው። የከተማዋን የተጣራ ውሃ እስከ 60 በመቶ የሚያመላልሰው እሱ ብቻውን ነው። በ1975 ሲቀበር መቶ ዓመት ይቆያል የተባለ ነበር። በ49 ዓመቱ ተሰነጠቀ። ሚሊዮን አልፎ የሚኖርባት ከተማ ውሃ ቆጥቡ ተባለች።

እኔ የማታ ፈረቃ ነው የምሠራው። ጠዋት ስገባ ቤዝመንታችን (ምድር ቤቱ) የሚኖሩት ባልና ሚስት ኩሽና ውስጥ ባልዲ ደርድረው አገኘኋቸው። ጎመን የታጠበበት ውሃ ለሽንት ቤት፣ ሩዝ የታጠበበት ለጓሮው ቃሪያ። ሚስትየው፣ «አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጄሪካን ሞልተን እናድር አልነበር? እንችልበታለን» አለችኝ። እውነትም ቻልንበት። ልጄ ግን እያንዳንዷን ባልዲ እየቆጠረች፣ «ካናዳ ውስጥ ለምን?» አለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ቧንቧው ተጠገነ። በኦገስት እንደገና ተቆፈረ፤ ሌሎች ሃያ አንድ ደካማ ቦታዎች ተገኝተውበት ነበር። እንደገና ቆጥቡ ተባልን። ከዚያም ዲሴምበር 30 ቀን 2025፣ በዚያ ብርድ፣ ያው ቧንቧ እንደገና ፈነዳ። አሁን በአዲስ ቧንቧ ይተካል ተብሏል። ጥሩ ነው። ከማን ኪስ?

እዚህ ላይ ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ነገር አለ። እኔም ቤት እስክገዛ ድረስ አላውቀውም ነበር። ካልጋሪ እንደ ከተማ ከደመወዛችን ግብር መቁረጥ አትችልም። የሽያጭ ታክስ መጣልም አትችልም። ያላት የንብረት ታክስና የአገልግሎት ክፍያ ነው። ከምንከፍለው የንብረት ታክስ ላይ ደግሞ ትልቅ ድርሻ ለትምህርት ተብሎ ወደ ፕሮቪንሱ ይሄዳል። የነዳጁን ገቢ የሚሰበስበው ፕሮቪንሱ ነው፤ የገቢ ግብሩን ፌዴራሉና ፕሮቪንሱ ይካፈሉታል። ቧንቧው፣ መንገዱ፣ አውቶቡሱ፣ በረዶ ጠረጋው ግን የከተማዋ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ቧንቧ ሲፈነዳ ወይ የንብረት ታክሱ ይጨምራል፣ ወይ የውሃ ሂሳቡ። በሜይ መጨረሻ የታክሱ ወረቀት ፖስታ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ሁላችንም እናየዋለን። እዚያ ላይ ሞርጌጅ (የቤት ብድር) አለ። የቤት ኢንሹራንስም አለ፤ የ2020ውና የ2024ቱ የበረዶ ውርጅብኝ የሰሜን ምሥራቁን ጣሪያና ግድግዳ ከበሳው ወዲህ እየከበደ ሄዷል። ባለፈው ዓመት ደምሬ ቀንሼ አልወጣ ሲለኝ ቤዝመንት ላሉት 100 ዶላር ጨመርኩባቸው። ወረቀቱን ለባልየው ስሰጠው ምንም አላለም። «እሺ» ብሎ አራት ቦታ አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ከተተው። የራት ሰዓት ነበር፤ ሽንኩርቱ ምድጃው ላይ እየተቁላላ ነበር። እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። የፈነዳውን ቧንቧ ከሚከፍሉት አንዱ እሱ ነው። ስሙ ታክሱ ላይ የለም። ስብሰባ ላይም የሚጠራው የለም።

እኔስ መቶ ነው። አንዲት የዕቁባችን አባል አከራይዋ በአንድ ጊዜ 450 ዶላር ጨመሩባት። ይቻላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይቻላል። አልበርታ ውስጥ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ የለውም። ሕጉ የሚለው በዓመት አንዴ ብቻ ጨምር ነው፤ በየወሩ ለሚከፍል ተከራይ ደግሞ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ስጥ። ስንት መጨመር እንደሚቻል ምንም አይልም። ይህን ለማያውቅ እንግዳ ቶሎ ልንነግረው ይገባል። ለአክስቴ ልጅም መጀመሪያ የምነግራት እሱን ነው።

ስለ ባቡሩ ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። ግሪን ላይን የተባለው የከተማ ባቡር መስመር ሲታሰብ 46 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ምሥራቅ ሲተን። በ2015 ፌዴራል መንግሥቱ 1.53 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገባ። ፕሮቪንሱም በኋላ ያንኑ ያህል። ከዚያ ዓመታት አለፉ፤ ዲዛይኑ ተቀየረ፣ ዋጋው ወጣ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 20 ኪሎ ሜትር ሆነ። በጁላይ 2024 ደግሞ በ6.2 ቢሊዮን ዶላር 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ተባለ። በሴፕቴምበር ፕሮቪንሱ በዚህስ ገንዘቤን አልሰጥም አለ። እንደገና ድርድር፣ እንደገና አዲስ መስመር። አሁን የደቡብ ምሥራቁ ክፍል ሥራ ተጀምሯል፤ ደስ ይለኛል። የሰሜኑ ሰው ግን ዛሬም ሴንተር ስትሪት ላይ አውቶቡስ ይጠብቃል። ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ፣ ከሌሊት ሥራ ሲወጣ።

ርካሽ ቤት ማለት እኮ ዋጋው ብቻ አይደለም። የከተማው ዳር ሄደህ በርካሽ ትገዛለህ፤ ከዚያ ሁለት መኪና ያስፈልግሃል። ሁለት ኢንሹራንስ፣ ሁለት ቤንዚን፣ የክረምት ጎማ። ዕቁብ ጥለህ ያጠራቀምከው ዳውን ፔይመንት (የቤት ቅድሚያ ክፍያ) የተረፈልህ ይመስልሃል። በዓመቱ መንገድ ላይ ፈሶ ታገኘዋለህ።

ገንዘብ ጠፍቶ ነው እንዳልል ደግሞ ሌላ ነገር አያለሁ። በ2023 ለአዲሱ የሆኪ አዳራሽና ለአካባቢው 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ስምምነት ተፈረመ። ከተማዋ ከግማሽ ቢሊዮን በላይ፣ ፕሮቪንሱ 330 ሚሊዮን። ሆኪ አልጠላም፤ ልጄ ትወዳለች። ነገር ግን በ2024 ፕሮቪንሱ ለመላው አልበርታ ማዘጋጃ ቤቶች መሠረተ ልማት የመደበው ድጎማ 722 ሚሊዮን ነበር። ለሁሉም ከተማ፣ ለሁሉም መንደር፣ በአንድ ዓመት። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ ስመለከት ያንገበግበኛል። ሲፈለግ ገንዘብ ይገኛል ማለት ነው።

ስለ ቤት ግንባታው ደንብም ሐሳቤን ልናገር። ሜይ 14 ቀን 2024 የከተማው ምክር ቤት 9 ለ6 በሆነ ድምፅ፣ አንድ ቤት ብቻ ይሠራበት በነበረ መሬት ላይ መንትያና ተያያዥ ቤቶች እንዲሠሩ ፈቀደ። ከዚያ በፊት ከ700 በላይ ሰው ተነስቶ ተናግሯል፤ ሳምንታት ፈጅቷል። በ2025 ምርጫ ትልቅ መከራከሪያ ሆነ፤ አዲሱ ምክር ቤትም የመሻር ሂደት ጀመረ። እኔ ደንቡን ደግፌያለሁ። ቤት ካልበዛ ኪራይ አይቀንስም። ተቃዋሚዎቹ የሚሉትን ግን አልንቅም። «ቧንቧው አይችልም፣ መኪና ማቆሚያ የለም» ሲሉ ግማሹ እውነት ነው። ቧንቧው አይችልም ከተባለ መልሱ ቧንቧውን ማስፋት ነው። ሰውን ቤዝመንት ውስጥ ስድስት ሰባት ሆኖ እንዲኖር መተው መፍትሔ አይሆንም። ደግሞም እኛ ሰሜን ምሥራቅና ፎረስት ሎውን ያለን ሰዎች ይህን መጣበብ ለረጅም ጊዜ ተሸክመነዋል። እስከ 2018 ድረስ ቤዝመንት በሕጋዊ መንገድ ለማከራየት በብዙ ሰፈር ምክር ቤት ድረስ መቅረብ ያስፈልግ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ብዙ ሰው ተደብቆ አከራየ፤ ብዙ ሰው መውጫ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ተኛ።

ከእነዚያ ከ700 በላይ ተናጋሪዎች መካከል የኛ ሰው ስንት ነበር? እኔ ሥራ ነበረብኝ፤ አልሄድኩም። ይቆጨኛል። በስልክም መናገር ይቻል እንደነበር የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ለፕሮቪንሱ፦ ሕዝብ በጨመረ ቁጥር የከተማዋ ድርሻም አብሮ ይጨምር። የጠራችሁት እናንተ ናችሁ። ፌዴራሉም ቢሆን በ2023 ለካልጋሪ ቤት ግንባታ 228 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሰጥ ቤቱ የሚያርፍበትን ቧንቧም አብሮ ያስብ። አንዴ ሰጥቶ መሄድ አያዛልቅም።

ለእናንተ፣ ለአዘጋጁ ደግሞ፦ በየዓመቱ ኖቬምበር የከተማው በጀት ይታያል። ማንም ነዋሪ ለአምስት ደቂቃ መናገር ይችላል። ቀኑን፣ የምዝገባውን አካሄድ፣ ውሃውና አውቶቡሱ ላይ የተያዘውን ገንዘብ በአማርኛ አውጡልን። አንድ ገጽ ይበቃል። እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው እኔ አብሬው ሄጄ አስተረጉማለሁ። ቤዝመንት ያለውን ጎረቤቴን ነግሬዋለሁ። የዚያን ቀን ፈረቃውን ከጓደኛው ጋር እቀያየራለሁ ብሎኛል።

አክባሪያችሁ፣
ከሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ አንድ አንባቢ