የአሜሪካ ሕግ ቢላላም የገዥ ወኪል ኮሚሽን አልተፈቀደም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከዳንግላ ዙሪያ እህል ሰብስበን ወደ ውጭ በምንልክ ነጋዴዎች ዘንድ አንድ አሳሳች ወሬ ይናፈሳል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የውጭ አገር ባለሥልጣናትን በጉቦ መደለልን በሚከለክለው የ1977 (እ.ኤ.አ.) ሕግ መሠረት አዲስ ምርመራ እንዳይጀመር በየካቲት 2017 ዓ.ም. ለ180 ቀናት ማዘዛቸውን የሰሙ ሰዎች፣ ከእንግዲህ እህላችንን የሚገዛው የውጭ ኩባንያ ወኪል ከእኛ በኩንታል ኮሚሽን ቢቀበል ጠያቂ የለም ይላሉ።

ሕጉ ግን አልተሻረም። በዚያው ዓመት ሰኔ አዲስ መመሪያ ወጥቶለታል፤ የክሱ ይርጋም (ክስ ሊቀርብ የሚችልበት ጊዜ) በመደበኛው አምስት ዓመት በመሆኑ ዛሬ የተሰጠ ገንዘብ በሚቀጥለው የአሜሪካ መንግሥት ዘመን ሊያስጠይቅ ይችላል። ከሁሉ በላይ ያ ሕግ የሚመለከተው ለመንግሥት ሹም የሚሰጠውን ጉቦ ስለሆነ፣ የግል ኩባንያ ገዥን በሚመለከት ሕጉ ጠበቀም ላላ የሚለውጠው ነገር ጥቂት ነው።

እኛን በቅርብ የሚነካን የ2010 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ የጉቦ ሕግ ነው። ይህ ሕግ በግል ነጋዴዎች መካከል የሚሰጠውን ጉቦ ጭምር ወንጀል ያደርጋል፤ ጉዳይ ለማቀላጠፍ የሚከፈለውን አነስተኛ ገንዘብ እንኳ አይምርም፤ ኩባንያውም ተገቢ የመከላከያ ሥርዓት እንደነበረው ካላስረዳ ወኪሉ ለሰጠው ጉቦ ይጠየቃል። ከዚያ ያሉ ገዥዎች ከውሉ ጋር ስለ ጉቦ ክልከላ የሚዘረዝር ወፍራም አባሪ አያይዘው የሚያስፈርሙን በዚህ ምክንያት ነው፤ ፊርማችን ደግሞ እኛ የምንቀጥረውን ደላላና ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ሥራ ሁሉ ይጨምራል።

ለመጣ እንግዳ ማር መስጠት ይከለከል እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። ልከኛ መስተንግዶን ሕጉ አይነካም፤ ጎጃሜም እንግዳውን ባዶ እጁን ካልሸኘ ቅር ይለዋል። ጥራት መርማሪው የእህሉን ደረጃ ከፍ አድርጎ እንዲጽፍ የሚሰጠው ማር ግን ማሰሮው ቢያንስም ጉቦ ነው።

የአገራችን የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007ም ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የግል ድርጅቶችን ያካትታል፤ ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻ ነው የሚለው ሰበብ አያዋጣም።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቶችና የክልሉ ንግድ ቢሮ እነዚህን የውል አባሪዎች በአማርኛ አስተርጉመው ለላኪዎች ቢያድሉ፣ ሕጉ በተለወጠ ቁጥርም ቢያድሱት፣ ይህም ጋዜጣ ለጉዳዩ ዓምድ ቢሰጠው እጠይቃለሁ።

የቅባት እህል ላኪ፣ ከቡሬ