ያላነበብሽው ወረቀት ላይ አትፈርሚ

አራዳ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 2017 ዓ.ም.

የተወደድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኛ ከእናትሽ የጉልበት ሕመም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አክስትሽ ባለፈው እሑድ ከዱከም ስትመለስ በቀጥታ ወደ እኛ መጥታ፣ የስፌት መኪናው መርፌ ጣትሽን እንደወጋሽ፣ በማግሥቱም የቀረበልሽን ወረቀት እዚያው ቆመሽ ፈርመሽ ወደ ሥራሽ እንደተመለስሽ ነገረችን። እናትሽ ለጣትሽ አለቀሰች፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ወረቀቱ ነው። ያላነበብሽው ወረቀት ላይ አትፈርሚ።

እኔ የማውቃት ዱከም በጤፍ ማሳ መካከል ያለች፣ ሹፌሮች ቁርጥ ለመብላት የሚቆሙባት የመንገድ ዳር ከተማ ነበረች። ቻይናውያን ባለሀብቶች ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞንን ከተከሉ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ትልቁ የጫማ ፋብሪካ ማምረት ከጀመረ ወዲህ ሌላ ከተማ ሆናለች። አክስትሽ እንደምትለው ፈረቃ ሲለቀቅ መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልጃገረዶች አስፋልቱን ይሞሉታል፤ የኪራይ ቤት ከመወደዱም የተነሣ አንዷ ለሥራ ስትወጣ ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰችው ገና ሙቀቱ ባልለቀቀው ፍራሽ ላይ ትተኛለች። አንቺም እንደዚያ እንደምትተኚ አልነገርሽንም።

ነገሩ ለእኔ አዲስ አይደለም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ፋብሪካው ሐዲዱን ተከትሎ አቃቂ ላይ ሰፈረ፤ እኔም በወጣትነቴ ከነዚያ በአንዱ ፈትል ክፍል እንደሠራሁ ታውቂያለሽ። የማታውቂው ይህን ነው። አንድ ሌሊት የባልንጀራዬን እጅ ማሽኑ ያዘው። የማሽኑ መከላከያ ከተነሣ ሳምንት አልፎት ነበር። ጠዋት ምስክር ነህ ተብዬ ወረቀት ሲሰጠኝ፣ እንቅልፍም ስለጣለኝ፣ አለቃውንም ስለፈራሁ ሳላነብ ፈረምኩ። ለካ ወረቀቱ «መከላከያውን ያነሣው ራሱ ነው» ይላል። መመሪያ ጥሷል ተብሎ ካሳውን ተከለከለ። ከዚያ በኋላ ሠፈራችን መጥቶ ቡና ሲጠጣ ሲኒውን በግራ እጁ ያነሣ ነበር፤ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ነገ ዛሬ ሳትዪ የፈረምሽውን ወረቀት ቅጂ ጠይቂ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ ፎቶ አንሥተሽ ለታናሽ ወንድምሽ በቴሌግራም ላኪለት። የትርፍ ሰዓትሽን በደብተር መዝግቢ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓትም የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.75 ይባዛል። ፈርሚ የሚልሽ ሰው ቢቸኩል አንቺ አትቸኩዪ፤ ያላነበብሽው ላይ አትፈርሚ። የቴታነስ መርፌ ካልተወጋሽም ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

ሥራሽን ተዪ አላልኩሽም። በራስሽ ገንዘብ ለእናትሽ ነጠላ የገዛሽላት ቀን ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ነው ያወራሁት። እናትሽ በሶና በርበሬ አዘጋጅታለች፤ ቃሊቲ መናኸሪያ ድረስ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ቀኑን ብቻ ንገሪኝ። ወረቀቱንም ይዘሽ ነይ። መነጽሬን አሠርቼዋለሁ፤ አብረን እናነበዋለን።

አባትሽ