ናፍጣ ሁሉ አንድ ድምፅ የለውም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የመዝናኛ ገጽ ላይ ስለ ሞዴል ባቡር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ ተጽፎ ማየት ብርቅ ነው፤ ጸሐፊውን እጅዎ ይባረክ ብያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን አልተስማማንም። ጽሑፉ የድምፅ ዲኮደር ስትመርጡ ኪሳችሁ የቻለውን ውዱን ግዙ ይላል። ይህን ምክር ይዞ ሱቅ የገባ ሰው ከመቶ ዩሮ በላይ ከፍሎ ጆሮ የሚያደነቁር ነገር ታቅፎ ሊወጣ ይችላል።

እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያደግሁ ሰው ነኝ። አባቴ የምድር ባቡር መካኒክ ነበር። አሁን የምኖረው ጀርመን፣ ኮሎኝ ነው። ከሳሎናችን አንዱ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ሀዲድ ነው። ባለቤቴ ቡፌዋን የት እንደማስቀምጥላት ዛሬም ትጠይቀኛለች።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ልበል። በዲጂታል አሠራር ሀዲዱ ላይ ኃይል ሁልጊዜ አለ። ሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ዲኮደር ትባላለች። የራሷ ቁጥር ሲጠራ ብቻ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን ታዛለች። ከፋብሪካ ስትወጣ ቁጥሯ አብዛኛውን ጊዜ 3 ነው።

እንግዲህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የሎኮሞቲቩን ክዳን ክፈቱ። ዲኮደሯ የምትሰካበት ሶኬት ባለ 8 ፒን ነው? ባለ 21? ፕለክስ 22? ወይስ ትንሿ ኔክስት 18? ሶኬት ከሌለው ሽቦ መበየድ ሊኖርባችሁ ነው። ቦታውንም በማስመሪያ ለኩ፤ ዲኮደሯ ገብታ ስፒከሩ ውጭ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ሀዲዳችሁ ማርክሊን የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ባለ ሦስት መስመር ከሆነ ደግሞ ዲሲሲ የሚባለውን የዲጂታል ቋንቋ ብቻ የምታውቅ ዲኮደር አትግዙ። ኢኤስዩ የሚባለው የኖይ ኡልም ኩባንያ ሎክሳውንድ 5 የምትባለውን የድምፅ ዲኮደሩን በሁለት ዓይነት ይሸጣል። አንዷ ብዙ ቋንቋ ትሰማለች፣ ሌላዋ ዲሲሲ ብቻ። ማሸጊያቸው ስለሚመሳሰል ጽሑፉን ሳያነቡ ማንሳት ለጭቅጭቅ ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ሱቅ ውስጥ ለጀርመን ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ዲኮደር ስጠይቅ ሻጩ የአሜሪካ ድምፅ የተጫነባትን አውጥቶ ሰጠኝ። ይህ እኮ የሌላ ሞተር ነው ስለው «ናፍጣ ያው ናፍጣ ነው» አለኝ። ክራርም መሰንቆም ያው የገመድ ነገር ናቸው እንደማለት ነው! ኢኤምዲ የሚባለው የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ሠሪ 567 ባለ ሁለት ምት ሞተር ነው፤ ድምፁ ሳይቆራረጥ ያጉረመርማል። የሌላው አሜሪካዊ ሠሪ የአልኮ 251 ደግሞ ባለ አራት ምት ስለሆነ ቆም ሲል ግድም ግድም ይላል። የጀርመኑ ቪ 200 ሎኮሞቲቭ ሁለት ሞተር ነው ያለው፤ ደህና ድምፅ የተጫነበት ከሆነ አንዱ ተነስቶ ሁለተኛው ሲከተል ለየብቻ ይሰማችኋል። ይህን ሁሉ «ናፍጣ» ብሎ መደምደም የጆሮ ስንፍና ነው።

የእንፋሎቱም እንደዚያው ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሎኮሞቲቭ መንኮራኩሩ አንድ ዙር ሲዞር አራት ጊዜ ነው የሚተነፍሰው። ባለ ሦስት ሲሊንደሩ 44 የሚባለው የጀርመን ሎኮሞቲቭ ግን ስድስት ጊዜ። ሱቅ ስትገቡ ባቡሩን በኤሊ እርምጃ አስነዱትና ቁጠሩ። ትንፋሹ ከመንኮራኩሩ ጋር ካልሄደ ዓይንና ጆሮ ተጣልተው ይቀራሉ። በሎክሳውንድ ይህ በሲቪ 57 እና 58 ይስተካከላል (ሲቪ የዲኮደሯ ማስተካከያ ቁጥር ነው)፤ ሻጩ እነዚህን ቁጥሮች ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሞክሩ።

ድምፁን ራሳችሁ መቀየር ትፈልጋላችሁ? ይህ ከዋጋው በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። ኢኤስዩ ድረ ገጹ ላይ ብዙ ድምፅ በነፃ አስቀምጧል፤ ለመጫን ግን ሎክፕሮግራመር የሚባለው ዕቃ ያስፈልጋል። የቪየናው ኩባንያ የዚሞ ዲኮደርም ድምፅ ይጫንለታል። ሳውንድትራክስ የሚባለው የኮሎራዶ ኩባንያ የሚሸጠው ሱናሚ 2 ዲኮደር መንገዱ ሌላ ነው። የእንፋሎት፣ የኢኤምዲ፣ የጂኢ፣ የአልኮ እየተባለ ተለይቶ ይሸጣል፤ እናንተ ውስጡ ካሉት ጥሩምባዎችና ሞተሮች ትመርጣላችሁ። ኮምፒውተር ለማይወድ አሜሪካ ላለ ወገናችን ይህ ይሻለዋል ባይ ነኝ። አውሮፓ ላለነው ግን የምንፈልገው ሞተር እዚያ ውስጥ የለም።

ጸሐፊው ጨርሶ የዘለሉት ስፒከሩን ነው። እኔ ደግሞ ገንዘብ ካነሰኝ ዲኮደሯን መካከለኛ አድርጌ ለስፒከሩ እጨነቃለሁ። ራሳችሁ ሞክሩት። ስፒከሩን እርቃኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ጥሩምባውን ንኩ፤ ትንኝ ነው የሚመስለው። ከፊት የወጣው አየርና ከኋላው የወጣው ተገናኝተው ስለሚጣፉ ነው። አሁን አፉ ልክ በሚሆን የቡና ሲኒ ላይ ግጠሙት። ያው ስፒከር፣ ያው ዲኮደር፣ ጥሩምባው ግን ሙሉ ሆኖ ይመጣል። ሎኮሞቲቩ ውስጥ የሲኒውን ሥራ የምትሠራው ትንሿ የፕላስቲክ ሣጥን ናት። ጠርዟ ቀዳዳ ካላት ጥቅም የላትም፤ ሽቦው የሚወጣበትን ሳይቀር በማጣበቂያ ድፈኑት። የኦሙንም፣ ማለትም የስፒከሩን የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን ነገር ተጠንቀቁ። የድሮዎቹ ሎክሳውንዶች ባለ 100 ኦም ስፒከር ነበር የሚፈልጉት፣ ከዚያ በኋላ የመጡት 4 ወይም 8። የአዲሱን ስፒከር ከድሮዋ ጋር ያሰረ ማጉያዋን ያቃጥላል።

አቧራም አለ። ሀዲዱ ትንሽ ከቆሸሸ ኃይል ለቅጽበት ይቋረጣል፤ ሞተሩ መንገድ መሃል እንደገና ሲነሳ ትሰማላችሁ። ኃይል የምትይዝ ትንሽ ካፓሲተር ተጨማሪ ከተገኘች ግዙ። ድምፁን ደግሞ ቀንሱት፤ ሎክሳውንድ ላይ በሲቪ 63 ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው መጠን ለሱቅ እንጂ ለሳሎን አይሆንም። እዚህ አገር ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ግዴታ ነው፤ የታችኛው ቤት አዛውንት ደግሞ ሰዓታቸው አይዛነፍም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንድ የምፈልገው ነገር ስላለም ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው የ784 ኪሎ ሜትር አሮጌ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር። ይህ በኤችኦ ልኬት፣ ማለትም በ1 ለ 87፣ 12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ላይ ይሠራል። ሬቲሽ ባን የሚባለው የስዊስ ባቡርም ባለ አንድ ሜትር ስለሆነ ሀዲዱ በገበያ ሞልቷል። ድሬዳዋ ዴፖ ከማውቃቸው የፈረንሳዩ አልስቶም ኩባንያ ናፍጣ ሎኮሞቲቮች አንዱን አካሉን በእጄ እየሠራሁ ነው። ድምፁን ግን ፈልጌ አላገኘሁም፤ የሌላ አገር ሞተር ልጭንበት ደግሞ ጆሮዬ እሺ አላለኝም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ኤሌክትሪክ ነው፤ ከእሱ የሚቀዳ የናፍጣ ድምፅ የለም።

ስለዚህ በአሮጌው ሎኮሞቲቭ ላይ የሠራችሁ፣ ወይም ቤታችሁ የድሮ ካሴት ወይም ቪዲዮ ያላችሁ፣ እባካችሁ በዝግጅት ክፍሉ በኩል አድርሱኝ። ባቡሩ ሲያልፍ ከመንገድ ዳር የተቀረጸው ብዙም አይረዳኝም። ዲኮደር ድምፁን ቆራርጣ ነው የምትገጣጥመው። ቆሞ ሲያጉረመርም ለብቻ፣ ሲነሳ ለብቻ፣ ሲጠፋ ለብቻ፣ ጥሩምባውም ለብቻ መሆን አለበት። ቆሞ የሚያጉረመርመው ጥቂት ሰከንድ ቢገኝ እንኳ ይበቃኛል። ሰው የሚያወራበት ከሆነም ላኩት፤ ወሬውን ቆርጦ ማውጣቱን ለእኔ ተዉት።

አክባሪያችሁ
የከዚራው ልጅ፣ ከኮሎኝ